በዝምታ ሰዓት የገቡ ለቀስተኞች

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ሳልከት ስልክ ጮኸ። የጮኸው የእኔ ስልክ አልነበረም፤ የአባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ካረፈ አሥር ወሩ።

አትደንግጡ። ስልኩን በየማታው ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ።

«ወልዴ አለ?» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ ደኅና አደርሽ እንኳ ሳይሉ። ጋሼ ደምሴ ሱሉልታ ነው የሚኖሩት።

«አሁን ወጣ ብሏል» አልኩ።

«ምነው ይሄ ሰውዬ ገብቶ አያውቅም? ኮቴስ?»

«ቅዳሜ ይምጡ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ሳላየውም አውቀው ነበር፤ ግን ትንሽ ጊዜ ለማግኘት ነው። «ቅዳሜ» አልኩ።

«እኮ!»

«የሚቀጥለውን ማለቴ ነው።»

ጋሼ ደምሴ በረዥሙ ተነፈሱ። «ኮቱን ያዘዝኩት ልጄን ልድርበት ነበር። ያለ ኮት ዳርኳት። አሁን ልጅቷ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ለክርስትናው እንኳ ይድረስልኝ በይው» ብለው ዘጉ።

እኔም እንደ ልማዴ ደብተሬን አውጥቼ «ጋሼ ደምሴ፦ ለክርስትናው ይድረስ» ብዬ ጻፍኩና ሁለተኛውን ጫማዬን አደረግሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህን ከነገርኳችሁ ቀሪውን ራሳችሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ። በዚህ ከተማ ልብስ አሰፍቶ «ቅዳሜ ና» ያልተባለ ሰው ካለ፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሰልባጅ ሲለብስ የኖረ መሆን አለበት። አባቴ ግን ከሰፊዎችም የተለየ ነበር። ቅዳሜን እንደ እሱ ያከበረ ሰው አላየሁም፤ ሥራውን ሁሉ ለእሷ ነበር የሚያስቀምጥላት።

ሲያርፍ ቀጨኔ በሙሉ ሰምቷል፣ ቀብሯል፣ አልቅሷል። ያልሰሙት ከሩቅ እየመጡ የሚያሰፉ ሰባት ደንበኞች ብቻ ናቸው። ቀብሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸና አነሳሁት። «አባቴ አርፏል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሰውየው ግን፣ ያው ጋሼ ደምሴ ናቸው፣ ልጄን ልድር ነው ብለው በደስታ ይንተባተባሉ። እንዲህ ደስ ያለውን ሰው በጠዋት ማስደንገጥ ነውር መስሎ ታየኝ። «ቅዳሜ ይምጡ» አልኩ። ያቺ ቅዳሜ ሌላ ቅዳሜ ወለደች፣ እሷም ሌላ። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ብሆን በማግስቱ ይነቃብኝ ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ በመሆኔ ግን አሥር ወር ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልጠረጠረም። ሰባቱም ሳይደውሉ የማይመጡ ናቸው፤ አባቴ እንደዚያ አስለምዷቸዋል። ሲደውሉ ደግሞ እኔ አለሁ። እናቴ ስልኩን ለማስታወሻ የማስቀምጠው ነው የሚመስላት።

ስለ ዓይን አፋርነቴ ትንሽ ልንገራችሁና ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያሳፍረኝ ሌላ ወራጅ ካልተገኘ መጨረሻው ድረስ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ያነሳሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እሱም «መስኮቱን ልዝጋው?» የሚል ነበር። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ፋይል ሰው አያናግርም። የአባቴ ለቅሶ ላይም አላለቀስኩም። ዕድሩ ያመጣውን ወንበር የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። መቶ ሃያ ተረክቤ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነብኝ፤ ሦስቱንም ቀን ሰው እንባውን ሲያፈስ እኔ አንዷን ወንበር ስፈልግ ከረምኩ። «ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት» እያሉ ሲያሙኝ ሰምቻለሁ። ወንበሯ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ወደ ጫካው ያስገባችኝ የሥራ ባልደረባዬ ሄለን ናት። አንድ ቀን የአባቴን ስልክ ሳነሳ ሰማችኝ። ምንም አልተናገረችም፤ በሳምንቱ ግን አንድ ቅጽ ሞልታ ስሜን ጽፋ አመጣችልኝ። እንጦጦ ላይ ጫካ ውስጥ አራት ቅዳሜ የሚካሄድ መርሐ ግብር ነው። ሐዘን የከበደው፣ እንቅልፍ የጠፋበት፣ ከሰው የራቀ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ በዛፎቹ መሐል ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ከፈለገ ያወራል። ሰው ለመዳን ጫካ መግባቱ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ጸበሉም ገዳሙም ያለው እዚያው ነው። አዲሱ ነገር ቅጽ መሞላቱ ነው። እምቢ ማለት ስላፈርኩ ሄድኩ። በሕይወቴ ያገኘኋቸው መልካም ነገሮች አብዛኛዎቹ የመጡት እምቢ ማለት ስለማልችል ነው።

የሚመራን ብሩክ የሚባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሲያዳምጣችሁ ጭንቅላቱን ዘንበል ስለሚያደርግ እኔ እንኳ አንድ ሁለት ቃል አምልጦኛል። ጫካውን የሚያሳዩን ግን እሱ ሳይሆን እትዬ ዘነበች ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ጫካ እንጨት ተሸክመው ሽሮ ሜዳ ሲያወርዱ ኖረዋል። የትኛው ቅጠል ለሆድ፣ የትኛው ለጉንፋን እንደሚሆን፣ ጅብ በየት በኩል እንደሚያድር፣ ጭጋግ በስንት ሰዓት እንደሚገፈፍ ያውቃሉ። «አሁን እንጨት ማውረድ ትቼ ሰው ማውጣት ጀመርኩ» ይላሉ። «ሰው ይቀላል። ከባድ ቢሆንም በራሱ እግር ይሄዳል።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንታችንም እያንዳንዳችን አንድ ዛፍ መርጠን በልባችን ያለውን እንድንነግረው ተባልን። ትልቁን ማስቸገር ስላልፈለግሁ በጣም ቀጭኑን ባሕር ዛፍ መረጥኩ። ግማሽ ሰዓት ተያየን። በመጨረሻ «ደኅና ዋል» ብዬው ተመለስኩ። ብሩክ አልሳቀብኝም። «ጥሩ ጅማሬ ነው» አለኝ፤ ከልቡ ነው ያለው። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ሻምበል፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ በዓይናቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ጽድ ሥር ጋደም ብለው እንደ ሕፃን ተኙ። እትዬ ዘነበች ጋቢ አለበሷቸው። የቀረነው ሰባታችን ሥራችንን ትተን ዙሪያቸውን ተቀምጠን ሲያንኮራፉ አዳመጥን። ከዚያ የሚበልጥ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። ሲነቁ ዓይናቸውን እያሹ «ማን ነው ጥበቃ ላይ የነበረው?» አሉ። «ሁላችንም» አላቸው ብሩክ።

ይህኛው ሦስተኛው ቅዳሜ ነበር። በስልካችን የተላከው መመሪያ «ቆሻሻ የማያሳይ፣ ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ጋቢ ወይም ነጠላ ይያዙ» ይላል። እኔ መመሪያ ሳነብ ነጠላ ሰረዙን ሁሉ ነው የማነብበው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለበስኩ። ስደርስ ሰባቱም እንደ እኔ ታዛዥ ሆነው ቆዩኝ፤ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ የሻምበል ጥቁር ካፖርት፣ በላዩ ላይ ጋቢ።

ብሩክ ስልኮቻችንን ሰብስቦ ዘንቢል ውስጥ ከተተ። እኔ ሁለት ስልክ ሳወጣ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፤ ግን አልጠየቀኝም። ዘንቢሉን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ፀሐይ እንዳያቃጥለን ብሎ በሁለት ጽዶች መካከል አረንጓዴ ሸራ ወጠረልን። ከሥሩ በረድፍ አስቀመጠን።

እትዬ ዘነበች ወገባቸውን ይዘው ራቅ ብለው አዩን። «ብሩኬ፣ ይሄ ነገር የለቅሶ ድንኳን መሰለ እኮ።»

«እትዬ ደግሞ፣ ጫካ ውስጥ ማን ያየናል?»

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት ዲግሪ፤ ዝናብ የለውም» አለ ብሩክ በኩራት።

«ወይ ልጄ! ቀኑን ነው እኮ። ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም ናት።»

ብሩክ ጴንጤ ነው። የአየር ጠባዩን አጣርቷል፣ የጫካውን ጥበቃዎች አነጋግሯል፣ የድንገተኛ እርዳታ ሣጥን ይዟል። ወርኃዊ በዓል መቁጠር ግን ከቤቱ ልማድ አይደለም። በሃያ አንድ ከእንጦጦ ማርያም የሚመለሰው ምእመን ግማሹ በአቋራጭ በዚያ ጫካ እንደሚወርድ በምን ይወቅ? እትዬ ዘነበችን እቅፍ አድርጎ «ግድ የለም» አላቸው። ወደ እኛ ዞረ።

«አንድ ሰዓት ዝም እንላለን። እኔና እትዬ ከታች ሻዩንና ዳቦውን ይዘን እንመጣለን። እስክንመለስ ማንም እንዳይናገር። ወፍ ቢመጣ፣ ነፋስ ቢመጣ፣ ሐሳብ ቢመጣ፣ የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብላችሁ ተቀበሉት።»

ሄዱ። ወፍ መጣ፤ ተቀበልነው። ነፋስ መጣ፤ ተቀበልነው። ሦስተኛ የመጡት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው።

ስማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ነጭ የለበሱ፣ ከዘራና የጸበል ጄሪካን የያዙ አሮጊት በጽዶቹ መካከል ብቅ ሲሉ ነው። ሁለት ሴቶች አስከትለዋል። አዩን። ቆሙ። ሸራውን አዩ፣ ጥቁሩን አዩ፣ ያቀረቀረውን ሁሉ አዩ። ጄሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ገልብጠው ለበሱ፣ ሦስቱም ጎንበስ ብለው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው «እናቴ፣ ተሳስተዋል» ይል ነበር። እኔ ግን መመሪያ አለብኝ። በሻምበል ፊት የተሰጠ ትእዛዝ ደግሞ ቀልድ የለውም፤ ከእኛ አንዷ ልጅ ከንፈሯን ስታላቅቅ አይተው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ልጅቷ ከንፈሯን መልሳ ዘጋች።

የእኛ ሰው የተቀመጠ ሰው አይቶ አያልፍም። «ማን ሞተ?» ብሎ አይደለም የሚገባው፤ ገብቶ ተቀምጦ ነው የሚጠይቀው። ከእማማ ጥሩወርቅ በኋላ አራት መጡ። ከአራቱ በኋላ አንድ ሙሉ ማኅበር፣ ሙዳያቸውንና ዳቦአቸውን እንደያዙ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ፤ እኔ መቁጠር ስተው ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ሸራው ሲሞላ የመጡት ወንዶች ዛፍ ሥር ቆሙ። አንድ ሰው አይናገርም። ለቅሶ ቤት ተደርጎ የማያውቅ ጸጥታ ነበር፤ ያ ጸጥታ ደግሞ ሐዘኑ የከፋ መሆኑን አረጋገጠላቸው።

«ልጄ» አሉኝ እማማ ጥሩወርቅ በሹክሹክታ፣ «ማን ነው ያረፈባችሁ?»

ዝም አልኩ።

«እናትሽ ናት?»

ዝም።

«አይ ምስኪን፣ አንደበቷ ተዘጋ» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው። «እስቲ ጸበሉን አምጡት። አጠጧት።»

በጣሳ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ውሃ መጠጣት በመመሪያው አልተከለከለም።

«ፊቷንም ርጩላት።»

የእንጦጦን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ያ ውሃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ወረደ። ድምፅ አላሰማሁም። ከሻምበል የአድናቆት እይታ አገኘሁ።

አንዲት ሴት ከኋላ ሲቃ ያዛት። ባሏን ነው ያስታወሰችው፤ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚያለቅሰው። ሌላዋ ተቀበለቻት። የእኛም ሰዎች አልቻሉም፤ ስምንታችንም እኮ ያለ ምክንያት ጫካ አልገባንም። እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ ዝም ብሎ ያለቅስ ጀመር፤ ትእዛዙ አትናገሩ ነው እንጂ አታልቅሱ አይልም። ሻምበል ድንገት ተነሥተው ወደ ትልቁ ጽድ ኋላ ሄዱ። የማላለቅሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ጸበሉ ፊቴ ላይ ስላለ ግን አላሳጣኝም።

በዚህ መሐል ከማኅበሩ አንድ ረዥም ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወገኖቼ፣ ነፍስ ይማር እንበል። ግን ያለ ስም እንዴት ይሆናል? ሟች ማን ይባላል?»

የሁሉም ዓይን ከአጠገቤ ጀምሮ ወደ እኔ ዞረ። ሻምበል ዛፍ ኋላ ስለሆኑ የሚከለክለኝ አልነበረም። ስለዚህ «ማንም አልሞተም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ተዘጋጅቷል፤ አጭር ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ። ይህን ሁሉ ሰው ከስሕተት አውጥቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

አልወጣም። አሥር ወር ሙሉ በስልክ ለሰባት ሰው ስናገረው የኖርኩት ያንኑ ነበር። ማንም አልሞተም፤ ወጣ ብሏል፤ ቅዳሜ ይምጡ። እማማ ጥሩወርቅ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«ወልዴ ይባላል» አልኩ። «አባቴ ነው። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር!» አለ ጫካው በአንድ ድምፅ። ወፎቹ ከጽዱ ላይ ተነሥተው በረሩ።

«መቼ ነው ያረፈው፣ ልጄ?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«አሥር ወሩ።»

እማማ ጥሩወርቅ ሸራውን ቀና ብለው አዩት። ጋቢዎቹን አዩ። ባልደረቦቼን አንድ በአንድ አዩ። «አሥር ወር ሙሉ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚሁ ተቀምጣችሁ?»

ምን ብዬ ልመልስ? በአንድ በኩል አዎ ነበር።

«ሥራው ምን ነበር?» ሽማግሌው ናቸው የጠየቁት።

«ልብስ ሰፊ።»

ሽማግሌው የኮታቸውን እጅጌ ዳሰስ አደረጉ፤ ከልብስ ሰፊ ጋር የቆየ ቁስል እንዳላቸው ገባኝ። «እንግዲህ ልብስ ሰፊ ከሆነ» አሉ፣ «ከላይ ሲጠራም ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ይሆናል።»

«አዎ» አልኩ። «ያረፈው ቅዳሜ ነው።»

እማማ ጥሩወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። ከኋላ «እኔንም ሁለት ዓመት አመላልሶኛል የኔው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ በእንባ የራሰ ሰው ሲስቅ ደግሞ መቆሚያ የለውም። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮው ቀን መገኘቱን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እኔም ሳቅሁ። ጮክ ብዬ፣ ጥርሴ እየታየ ሳቅሁ። ሳቁ መሐል ላይ የሆነ ቦታ ተሰበረና እንባ ሆነ፤ የት ላይ እንደተሰበረ አላውቅም። እማማ ጥሩወርቅ ደረታቸው ላይ ወድቄ አሥር ወር ያስቀመጥኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ድምፄን ሰማሁት። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ በዚህ ድምፅ «ወራጅ አለ» ብል ታክሲው ብቻ ሳይሆን መንገዱም ይቆማል።

ብሩክና እትዬ ዘነበች የደረሱት በዚህ ሰዓት ነው። ብሩክ በአንድ እጁ የሻይ ፔርሙዝ፣ በሌላው የብርጭቆ ሣጥን ይዟል። ስምንት ዝምተኛ ሰዎች ትቶ የሄደበት ቦታ ላይ ሃምሳ የሚሆን ሰው ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ አገኘ። ሣጥኑ ከእጁ ወደቀ።

«ማን ነው? ማን ሞተብኝ?» ብሎ ጮኸና እኛን መቁጠር ጀመረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ሰባት ላይ አለቀበት። እንደገና ቆጠረ። ሰባት። ፊቱ አመድ መሰለ። መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ለቀስተኞቹም አዲስ ዘመድ መጣ ብለው ግራና ቀኝ ይዘው ያጽናኑት ጀመር።

«ሻምበል!» አለ ብሩክ እያለቀሰ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ዝም በሉ ብዬ...»

«አቤት!» አሉ ሻምበል ከጽዱ ኋላ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ብቅ ብለው።

እትዬ ዘነበች ብሩክን በአንድ እጃቸው አነሡት። ሃያ ዓመት ከዚያ የሚከብድ አንሥተዋል። ዙሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊቴን በጥንቃቄ አነበቡት። «ነግሬህ ነበር» ብቻ አሉት። «በል ሻዩን ቅዳ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሸራውን አውርዶ ሰዉን በትኖ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ብሩክ ኪሱ ውስጥ በቁጥር የተዘረዘረ የቀኑ ዕቅድ ነበረው። አወጣው፣ አየው፣ አጣጥፎ መለሰው። መጥቶ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ «ስለ አባትሽ ንገሪን» አለ። ያን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት እንደማከብረው በወረቀት ላይ ማስፈር አይሆንልኝም። ሙያ ማለት ያቀዱትን መፈጸም ይመስለኝ ነበር፤ ያቀዱትን ማጠፍም ከባድ ሙያ ነው።

ነገርኳቸው። ክር በጥርሱ እንደሚበጥስ፣ ሲያስብ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደሚጠመጥም፣ የድሀ ልጅ ዩኒፎርም ሲሆን ግን ቅዳሜ ሳይል በዚያው ቀን እንደሚጨርስ። ይህንን የመጨረሻውን እስክናገረው ድረስ ራሴም አስተውዬው አላውቅም ነበር። እትዬ ዘነበች ለስምንት ሰው የመጣውን ዳቦ ለሃምሳ ቆረሱት፤ ማኅበርተኞቹ የራሳቸውን ጨመሩበት። ብርጭቆ ስላልበቃ በተራ ጠጣን። ሻምበልና ሽማግሌው አንድ ብርጭቆ ይዘው ስለ እንቅልፍ ተጨዋወቱ።

ልክ በዚያ ሰዓት ዘንቢሉ ቅርንጫፍ ላይ ጮኸ።

«ስልክ ነው» አሉ ሻምበል። «የማን ነው?»

ድምፁን አውቀዋለሁ። «የአባቴ» አልኩ።

ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ አማተበ። ሽማግሌው እንዲያውም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ደውሉ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ የሰባቱን ደንበኞች ነገር ዘረዘርኩላቸው፤ ጋሼ ደምሴን፣ ኮቱን፣ ሠርጉን፣ ቅዳሜዎቹን ሁሉ። እንዲህ ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

«ያ ሰውዬ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ፣ «ወዳጁ መሞቱን ሳያውቅ አሥር ወር ሲቆጣው ኖረ ማለት ነው። አየሽ ልጄ፣ እኛ አባትሽን ሳናውቀው አለቀስንለት። እሱ የሚያውቀው ለምን ይከልከል?»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ቅዳሜ እንዳትዪ ብቻ» አሉ ሽማግሌው።

ሲሄዱ አንድ በአንድ እጄን እየያዙ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። እማማ ጥሩወርቅ ሰፈሬን ጠየቁኝ። ቀጨኔ መድኃኔዓለም አጠገብ ነው ስላቸው የቀረውን ጸበል ከነጄሪካኑ አሸከሙኝ። «ለእናትሽ። ጄሪካኑን መጥቼ እወስዳለሁ» አሉ። መምጫ ምክንያት ማስቀመጣቸው መሆኑ የገባኝ ቁልቁለቱን ስወርድ ነው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እናቴ ከቅዳሴ ሳትመለስ፣ የአባቴ የስፌት መኪና ጋ ተቀመጥኩ። የጋሼ ደምሴ ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አንድ እጅጌ የለውም፤ ገላው በነጭ ክር ለጊዜው እንደተያያዘ ነው። ደብተሬን ከፍቼ ደወልኩ።

«ትናንት መልሼ ስደውል ምነው አታነሺም?» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ልጅቷ ሌሊት ተገላገለች! ወንድ! ወልዴን ንገሪው፣ አርባ ቀን ነው ያለው፤ አርባ ቀን!»

እንደገና ደስ ብሏቸዋል። ይህ ሰው የሚደሰተው እኔ ስልክ ስይዝ ጠብቆ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ያችው የለመድኳት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ጄሪካን አየሁት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ። «ጋሼ ደምሴ፣ አባቴ አርፏል።»



«መቼ?»

«አሥር ወሩ።»

«አሥር... እና ያ ሁሉ ቅዳሜ?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እስኪሰድቡኝ ጠበቅሁ። የሚገባኝ እንደሆነ አውቄ፣ ተስተካክዬ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጋሼ ደምሴ ግን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ወይ ወልዴ። ሃያ ዓመት የሰፋልኝ ሰው እኮ ነው። እና ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው ስልኩን የምታነሺው፣ ልጄ?»

«አዎ።»

«በይ እመጣለሁ። ቅዳሜ።»

«ኮቱ እኮ አላለቀም፤ እጅጌ የለውም...»

«ምን ያለሽ ልጅ ነሽ! ኮት ማን አነሣ? ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው። ቅዳሜ በጠዋት፣ በአንድ ሰዓት አለሁ።»

«ይምጡ» አልኩ።

በዚያ ቤት ስንት ሺህ ጊዜ ቅዳሜ እንደተባለ እንጃ። የተባለችው ቅዳሜ በእርግጥ እንደምትመጣ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ ከጋሼ ደምሴ ስም ፊት ለፊት «ተነግሯቸዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ አፍንጫዬን ጠርጌ የሁለተኛውን ሰው ቁጥር ደወልኩ።